ውስጡን ለቄስ፦ የኪራይ ቤትና የመንገድ ዳር ግድግዳ ታሪክ

በአማርኛችን ከፊቱ አምሮ ከጓዳው የተጎሳቆለን ነገር የምንገልጽባት አጭር አባባል አለች፤ «ውስጡን ለቄስ» እንላለን። ለዓይን የሚታየው ለሁሉ ነው፤ የተሸፈነው ግን ለነፍስ አባት ብቻ የሚነገር ነው ማለታችን ነው። እኔ ይህችን አባባል ትርጉሟን በወጉ ከመረዳቴ በፊት በቤታችን ግድግዳ ላይ አውቄያታለሁ።

ያደግሁት ጎንደር አራዳ፣ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው የጭቃ ምርጊት፣ ጣራው ቆርቆሮ ነበር፤ አንዱ ጎኑም በቀጥታ ከመንገድ ይገናኛል። በ1979 ዓ.ም. ክረምት፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ምሥረታና የአብዮት በዓል ሲቃረብ፣ መንገድ ዳር ለምንኖር ሁሉ ትእዛዝ መጣ። እያንዳንዱ ነዋሪ የቤቱን ፊት በተነገረው ቀለም እንዲቀባ፣ በርና መስኮቱን እንዲያሳምር፣ ልብስም በመንገድ በኩል እንዳያሰጣ የሚል ነበር። እናቴ በዚያው ክረምት ስለሚያፈሰው ጣራችን ለሦስተኛ ጊዜ አመልክታ ነበር። የተሰጣት መልስ «በጀት ሲለቀቅ ይታያል» የሚል ነው። ቀለሙ ግን በጀት አልጠበቀም። ከእቁብተኞቿ ተበድራ ቀለም የተቀላቀለበት ኖራ ገዛች፤ የነሐሴ ዝናብ አጥቦ ስለወሰደውም ሁለተኛ ገዝታ ደግማ ቀባች። በበዓሉ ዋዜማ ግድግዳችን ከውጭ ሲያበራ፣ በውስጥ ደግሞ ድስትና ጎድጓዳ ሳህን ተደርድረው ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውኃ ይቀበሉ ነበር። እናቴ ያን ምሽት ያለችው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ይህ ቤት ደግሞ እንደ እኔው ነው፤ ለዓመት በዓል ያለብሱታል፣ ከዓመት ዓመት ይበርደዋል»።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያነሳሁት የልጅነት ብሶቴን ላካፍላችሁ ብዬ አይደለም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፣ ሕግ ተለውጧል፣ የቀለሙ ዓይነትም ተለውጧል። ያልተለወጠ አንድ ነገር ግን አለ። በሰው ቤት የሚኖር ሰው፣ አከራዩ መንግሥትም ይሁን ግለሰብ፣ የቤቱን መልክ በተመለከተ ትእዛዝ ተቀባይ እንጂ ተጠያቂ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ላንሳ። የተከራየ ቤት ፊቱ የማን ነው? ጥያቄውን በታሪክ መነጽር ለማየት ደግሞ ከጎንደር የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከተማዋና የመኖር ሥርዓቷ

አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠላሳዎቹ ጎንደርን መናገሻ አድርገው ሲቆረቁሯት፣ ከተማዋ ከሥልጣን ጋር ባላት ቅርበት የተደራጀች ነበረች። በመካከል ግቢው፣ በዙሪያው ደግሞ የካህናቱ፣ የመኳንንቱ፣ የነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ሰፈሮች ነበሩ። አቡን ቤት፣ እጨጌ ቤት፣ ቅዳሜ ገበያ የሚሉት ስሞች የዚያ ሥርዓት ትዝታዎች ናቸው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በቃሓ ወንዝ በኩል የሚገኘው የሙስሊሞች ሰፈር ታሪክ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ውሳኔ ስለ ቀለምም ሆነ ስለ ግድግዳ አይደለም። ሆኖም ለያዝነው ጉዳይ መነሻ የሚሆን አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ሥልጣን ስለ ሰው መኖሪያ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ነዋሪው ምን ያስፈልገዋል?» ብሎ አይደለም፤ «ከእኔ አደባባይ ሲታይ ከተማው ምን ይመስላል?» ብሎ ነው። ነዋሪው የሥዕሉ አካል ነው፤ ሣዩ ግን ሌላ ነው። ጎንደር ከዚያ በኋላ በ1859 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም. በደርቡሽ ተቃጥላለች፤ ነዋሪዎቿም ከአመዱ ላይ ተነሥተው ቤታቸውን እንደ አቅማቸው መልሰው ሠርተዋል። ያን ጊዜ ቀለሙን ያዘዛቸው አልነበረም፤ ከተማዋን እንደገና ከተማ ያደረጋት ግን ያ እንደ አቅም የተሠራ የድንጋይ፣ የጭቃና የሣር ቤት ነው።

ሁለት ከተማ በአንድ ፕላን

የኢጣልያ ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ፋሺስቶቹ ከተማዋን የአማራ ግዛት ብለው ላደራጁት አስተዳደር መቀመጫ አደረጓት። አዲሱን ፕላን የነደፈው የፍሎረንሱ አርክቴክት ጌራርዶ ቦሲዮ ነበር። ዛሬ ፒያሳ የምንለው አካባቢ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ በረንዳ ያላቸው የሱቅ ሕንፃዎች፣ ጨጨላን በመሳሰሉ ቦታዎች የቀሩት ቪላዎች የዚያ አጭር ዘመን ሥራዎች ናቸው። ጣልያኖች እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የቆዩት ከስድስት ዓመት በታች ቢሆንም፣ በዚያች ጊዜ የተከሉት የከተማ መልክ እስከ ዛሬ ከዓይናችን አልራቀም።

የፕላኑን ውበት መካድ አይቻልም። መንገዱ ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር ይስማማል፤ ሕንፃዎቹ ለነገሥታቱ ግንብ እይታ ቦታ ይለቃሉ። ነገር ግን የፕላኑ መሠረት የዘር ልዩነት ነበር። የጣልያኑ ሰፈርና የአገሬው ሰፈር ተለያይቶ እንዲኖር ተነደፈ። ውበቱ ለአንዱ፣ መጋረድ ለሌላው ሆነ። አገሬው በአዲሱ ከተማ ውስጥ ሠራተኛ፣ አስተናጋጅና ግንበኛ ሊሆን ይችላል፤ ነዋሪ ግን አይደለም። እንግዲህ በአራዳ ግድግዳዎች ላይ «ለሚያይ» እና «ለሚኖር» መካከል ያለው መስመር በግልጽ የተሰመረው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል። የሚያሳዝነው፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ እኛው የመስመሩን ዘረኝነት አስወግደን መስመሩን ራሱን ማስቀረታችን ነው።

ከአከራይ ወደ አከራይ መንግሥት

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 ሲያወጣ፣ ተከራዩ እልል ያለበት ምክንያት ነበረው። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ፤ ከ300 ብር በታች የሆነውን ወርኃዊ ኪራይም እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰው። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር እንዲሆኑ ተደረገ። እናቴን የመሰለ በየወሩ መጨረሻ የአከራዩን ኮቴ ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሥጋት የሚያድርበት አንገት ማስገቢያ አገኘ። ይህን ውለታ አሳንሶ ማየት ታሪክን ማዛባት ነው።

ይሁን እንጂ በዚሁ ውለታ ውስጥ አንድ ወጥመድ ነበር። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ቀበሌው ቤቶቹን ሊጠግንበት የሚችል ገንዘብ አልሰበሰበም። ተከራዩ በበኩሉ ቤቱ የራሱ ባለመሆኑ ገንዘቡን ሊያፈስበት ይፈራል፤ አስፍቶ ወይም ለውጦ ሊሠራ ቢፈልግም ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱም በቀላሉ አይገኝም። በጭቃ የተሠራን ግድግዳ በብሎኬት መተካት «ይዞታ መለወጥ» ይባላል። ለልጅ አንዲት ክፍል መቀጠል «ሕገ ወጥ ግንባታ» ይሆናል። በዚህ ዓይነት ባለቤት ነኝ የሚለው አይጠግንም፤ መጠገን የሚፈልገው ደግሞ ባለቤት አይደለም። በአርባና በሃምሳ ዓመት ውስጥ የከተሞቻችን መሐል እንዴት አረጀ ብለን የምንጠይቅ ከሆነ፣ መልሱ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የነዋሪው ስንፍና ወይም የንጽሕና ጉድለት አይደለም።

በቤቱ ውስጣዊ ኑሮ ላይ ይህን ያህል እጁን ያሳጠረው ሥርዓት፣ በቤቱ ውጫዊ መልክ ላይ ግን እጁ ረጅም ነበር። በ1969 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 104 የተጠናከሩት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ አከራይም፣ ዳኛም፣ ጥበቃም፣ የስኳርና የዘይት አከፋፋይም ነበሩ። እንግዲህ ስኳር የሚሰጥህ፣ መታወቂያህን የሚያድስ፣ ቤቱን ያከራየህና ልጅህን ለዘመቻ የሚመዘግብ አንድ አካል «ፊቱን ቀባ» ሲልህ «ጣራዬስ?» ብለህ የምትጠይቅበት አንደበት ከየት ይመጣል? እናቴ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀለሙን እቀባለሁ፤ ጣራውን ግን እዩልኝ» ያለችው እጅ ነስታ ነበር። ትእዛዙን ለመቃወም አልነበረም። ያም ሆኖ «አብዮታዊ ስሜት ይጎድልሻል» ተብላ ተመለሰች።

የበዓል ቀለም

ይህ የእኛ ሰፈር ብቻ ጉዳይ አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት፣ በአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች ግራና ቀኝ አጥር ተተክሎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ የድሃው ሰፈር ከእንግዶች ዓይን እንዲሰወር ተደርጓል። በዚያው ወቅት በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረኃብ እያለቀ ነበር። አጥሩ የሸፈነው ጎጆውን ብቻ እንዳልነበር በኋላ ዓለም ሁሉ አየው። ከ23 ዓመት በኋላ ሁለተኛው ሚሊኒየም ተጠናቅቆ ሦስተኛው ሲጠባ፣ በ2000 ዓ.ም. ዋዜማ፣ እንደገና አጥሮች ተቀቡ። በዓሉ ደማቅ ነበር፤ ደስታውም የብዙዎቻችን ነበር። ነገር ግን ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ያለው መጸዳጃ ቤት ለስንት አባወራ እንደሚያገለግል ቀለሙ አይናገርም።

በእነዚህ ሁሉ አጋጣሚዎች አንድ የሚደጋገም ስሌት አለ። ለሚታየው ክፍል የሚወጣው ወጪ በተከራዩ ወይም በነጋዴው ላይ ይወድቃል፤ ቀኑ የተቆረጠ፣ ቅጣቱ የታወቀ ነው። ለማይታየው ክፍል፣ ለጣራው፣ ለፍሳሹ፣ ለኤሌክትሪክ ሽቦው የሚያስፈልገው ወጪ ደግሞ የአከራዩ ግዴታ ነው፤ ቀን የለውም፣ ቅጣትም የለውም። አንደኛው ትእዛዝ ነው፤ ሁለተኛው ማመልከቻ ነው። የተከራይ ሕይወት በትእዛዝና በማመልከቻ መካከል ያልፋል።

ቅርስ ውስጥ መኖር

ጎንደር ላይ ጉዳዩ ሌላ ገጽታም አለው። የፋሲል ግቢና ሌሎች ሐውልቶች እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስነት የተያዘን ነገር የያዘ ሰው ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ የጥገናና የእድሳት ሥራም ከባለሥልጣኑ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ይጠይቃል። ወጪው ከባለይዞታው አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት እንዲረዳም ያስባል። ሕጉ በመሠረቱ መልካም ነው። አንድ ነጋዴ የጣልያን ዘመን በረንዳ አፍርሶ በመስታወት ቢተካው የሚጎዳው ከተማው ነው፤ እኔም ከሚጮኹት አንዱ እሆናለሁ።

ነገር ግን በአራዳ ከሚገኙት አሮጌ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከ1967 ወዲህ በቀበሌና በኪራይ ቤቶች እጅ የቆዩ ናቸው፤ በውስጣቸው የሚኖረውም ተከራይ ነው። ይህ ሰው በሁለት ሕጎች መካከል ተጨንቋል። ባለቤት ስላልሆነ ማደስ አይችልም፤ ባለይዞታ ስለሆነ ደግሞ መጠበቅ አለበት ይባላል። የእንጨት መስኮቱ በስብሶ ቢወድቅ በብረት መስኮት መተካት አይፈቀድለትም፤ እንደ ቀድሞው ዓይነት እንጨት አሠርቶ ለመግጠም ደግሞ አቅም የለውም። ስለዚህ ላስቲክ ይወጥርበታል። ከዚያ አላፊ አግዳሚው፣ ምሁሩም ጭምር፣ «ይህን የመሰለ ቤት እንዴት እንዲህ ያበላሹታል?» ይላል። ላስቲኩ ግን የነዋሪውን ጣዕም አይደለም የሚያሳየው፤ ሕግ ከገንዘብ ተነጥሎ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

ከባሕር ማዶ ሁለት ምሳሌ

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ቺካጎ አጠገብ ጆርጅ ፑልማን የተባለ የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ባለቤት እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ ለሠራተኞቹ አንድ ሙሉ ከተማ ሠራ። ቤቶቹ ንጹሕ፣ መንገዱ ዛፍ የተተከለበት፣ መናፈሻው የተዋበ ነበር፤ ጎብኚዎችም ተደንቀዋል። ነገር ግን አንድም ሠራተኛ ቤቱን መግዛት አይችልም፤ ሁሉም ተከራይ ነው፤ የቤቱ አያያዝና የከተማው ሥርዓት በኩባንያው ደንብ የተያዘ ነው። በ1893 የኢኮኖሚ ቀውስ መጥቶ ኩባንያው ደመወዝ ሲቀንስ ኪራዩን ግን አልቀነሰም። በ1894 በአሜሪካ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው የሥራ ማቆም አድማ ከዚያች ውብ ከተማ ተነሣ። በ1898 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ከፋብሪካው ውጭ ያለውን የከተማ ንብረት እንዲለቅ ወሰነበት። ውበቱ አድማውን አላስቀረም፤ ምክንያቱም ውበቱ የነዋሪዎቹ አልነበረም።

ሁለተኛው የእንግሊዝ ምሳሌ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የየከተማው ምክር ቤት ያሠራቸው የኪራይ ቤቶች በብዙ ቦታ በራቸው አንድ ዓይነት ቀለም ነበረው፤ ቀለሙን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግ ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት በቅናሽ እንዲገዙ ሲፈቅድ፣ ብዙዎቹ አዲስ ባለቤቶች በቅድሚያ ያደረጉት የፊት በራቸውን በመረጡት ቀለም መቀባት ነበር። የዚያ ሕግ ፖለቲካ ብዙ የሚያከራክር ነው፤ ለድሃው የሚከራየውን የመንግሥት ቤት ቁጥር አመናምኗል። የበሩ ቀለም ግን አንድ ነገር ይነግረናል። ሰው ለዘመናት ዝም ያለው ቀለም ስለማይገደው አልነበረም፤ የሚጠይቀው ስላልነበረ ነው።

የዛሬው ተከራይ

ወደ አገራችንና ወደ ዘመናችን እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳንና የአራት ኪሎን መልክ ለውጧል፤ በመንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ቀለማቸውንና መብራታቸውን በተወሰነ ደረጃ እንዲያስተካክሉ ተጠይቀዋል፤ ብዙ የቀበሌ ቤት ተከራዮችም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የእኛዋ ጎንደር የነገሥታቱን ግንቦች እድሳትና የራሷን የኮሪደር ሥራ አስተናግዳለች። አራዳ የሚለው ስም በሁለቱም ከተሞች የገበያና የከተሜነት ስም መሆኑ የአጋጣሚ ቢሆንም፣ ዕጣቸው መመሳሰሉ ያስገርማል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የተቀበረ ፍሳሽና መብራት ማንም የሚጠላው ነገር አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ካሳ የሚከፈለው ለንብረት ባለቤት ነው። ለአርባ ዓመት ግድግዳውን ሲለስን፣ ሲቀባ፣ ቆርቆሮውን ሲለጥፍ የኖረው ተከራይ ግን በሒሳቡ ውስጥ የለም። ሰፈሩን ለመንገዱ ውበት የሚያበቃው የእርሱ ጥገና ነበር፤ ሰፈሩ ሲያምር መጀመሪያ የሚነሣውም እርሱ ነው።

በግል ኪራይ ቤትም ያው ነው፤ የአዛዡ መልክ ብቻ ይለያያል። በዩኒቨርሲቲያችን ዙሪያ ክፍል የሚከራዩ ተማሪዎቼና ጀማሪ መምህራን የሚነግሩኝ ደንብ ተመሳሳይ ነው። ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም። ልብስ በፊት በኩል አይሰጣም። ጫማ በር ላይ አይቀመጥም። ከሰል አይቀጣጠልም፤ እንጀራ አይጋገርም። እንግዳ ከምሽቱ በኋላ አይገባም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ምክንያት አላቸው። የግቢው ቆጣሪ አንድ ሲሆን የምጣዱ ፍጆታ የጋራ ዕዳ ነው፤ በጠባብ ክፍል የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ችግሩ ደንብ መኖሩ አይደለም። ደንቡ በውሉ ላይ አይጻፍም፤ እንደ አከራዩ ስሜት ዛሬ ይጨመራል፣ ነገ ይለወጣል። ከዚህ የከፋም አለ። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ የተከራየውን ክፍል ጨለማ ስለሆነበት በራሱ ወጪ ቀለም ቀባው፤ ኮርኒሱን አሳደሰው፤ መስኮቱን አስተካከለ። በሦስተኛው ወር አከራዩ መጡና «ቤቱ አሁን ደረጃው ከፍ ብሏል፤ እንግዲህ ኪራዩም እንደ ቤቱ ይሁን» አሉት። በገዛ ቀለሙ ተቀጣ። ከዚያ ወዲህ ምስማር እንኳ አልመታም፤ «ለማን ብዬ!» ይላል።

ይህች «ለማን ብዬ» የምትለው ቃል ከማንኛውም የተበላሸ ግድግዳ በላይ ታሳስበኛለች። ሰው የሚኖርበትን ቤት መውደድ ሲያቆም ሰፈሩን፣ ከዚያም ከተማውን መውደድ ያቆማል። ጎረቤቱን ለመተዋወቅ አይጣደፍም፤ ዛፍ አይተክልም፤ የተሰበረውን አያነሣም። ዕቃውን ሁልጊዜ በካርቶን ውስጥ አድርጎ ይኖራል። ከዚያ እኛው ተመልሰን «የከተማችን ሰው የባለቤትነት ስሜት የለውም» ብለን ወርክሾፕ እንጠራለን። ባለቤትነቱን የነፈግነው ሰው ስሜቱን ብቻ ከየት ያመጣዋል?

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ነው። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ የኪራይ ጭማሪም በዘፈቀደ እንዳይሆን ደንግጓል። የባልደረባዬን የመሰለ ታሪክ ሕጉ በትክክል ቢሠራበት በሦስተኛ ወር ባልተፈጠረ ነበር። ይሁንና የአዋጁ ዋና ትኩረት ዋጋና ጊዜ ነው። ስለ ቤቱ መልክ ማን ያዝዛል፣ ማን ይከፍላል፣ የተከራይ ማሻሻያ እንዴት ይታሰባል የሚለው በተግባር ለሁለቱ ወገኖች ድርድር የተተወ ነው። ቤት በጠፋበት ከተማ ውስጥ ደግሞ ድርድር ማለት አንዱ ተናግሮ ሌላው ራሱን መነቅነቅ ነው።

ምን ይደረግ?

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ሁሉም እንደ ፈለገው ይቀባ፣ ከተማውም ዥንጉርጉር ይሁን?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። ከተማ የጋራ ነው፤ መልኩም የጋራ ጉዳይ ነው። የፋሲልን ግንብ የሚጋርድ ፎቅ፣ የመቶ ዓመት በረንዳን የሚያፈርስ ነጋዴ፣ ለእሳት የሚያጋልጥ ሽቦ በሕግ መከልከል አለበት። እኔ የምለው ደንቡ ከሸክሙ ጋር ይምጣ ነው። ሦስት ነገሮች ይታዩኛል።

አንደኛ፣ ያዘዘ ይክፈል። የቤቱን ፊት የሚፈልገው ከተማው ከሆነ ወጪው የከተማው ነው፤ አከራዩ ከሆነ የአከራዩ ነው። ተከራዩ የሚከፍለው ለሚኖርበት እንጂ ለሚታይበት መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ውስጡ ይቅደም። ጣራው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው የሞላ፣ ሽቦው የተላጠ ቤት ፊቱ እንዲቀባ ከመታዘዙ በፊት እነዚህ ይጠገኑ። አከራዩ መንግሥት ሲሆን ይህ ግዴታ ይበልጥ ሊጠብቅበት እንጂ ሊላላለት አይገባም። ሦስተኛ፣ የተከራይ እጅ ያረፈበት ነገር ይመዝገብ። በስምምነት የተደረገ ማሻሻያ በውሉ ላይ ሰፍሮ ከኪራዩ ይታሰብ፤ ሲለቅም ሆነ ሲነሣ ዋጋ ይሰጠው። ይህ ቢሆን ኖሮ በከተሞቻችን መሐል የሚገኘው የቀበሌ ቤት ግማሹ በነዋሪዎቹ እጅ በታደሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እናቴ ያን የቀበሌ ቤት ሳትለቅ አረፈች። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተለወጠ አላስታውስም፤ በሥርዓቱ ለውጥ ማግሥትም ተቀብቷል፣ በየበዓሉም ተቀብቷል። ጣራው የተቀየረው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እርሱም እኔ ከመጀመሪያ ደመወዜ ላይ ቆርቆሮ ገዝቼ፣ በሌሊት፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ ያስመታሁት ነው። የአናጢውን መዶሻ ድምፅ ለማፈን ጨርቅ ጠቅልለንበት ነበር። በማግሥቱ ዝናብ ሲጥል እናቴ ድስቱን ከወለሉ አንሥታ ወደ ምድጃው መለሰችው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር አላየም።

ቸር እንሰንብት።